ዘቡን ሸፍኑት፣ እንግዳ መጣ

በዋርካ በር ከተማ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚደረገው ዘቡን በፎጣ መሸፈን ነው። ዘብ የሚባለው በየቤቱ መቃን ላይ የተተከለው ጠመንጃ ነው። አንገት አለው፣ ይዞራል። ዓይን አለው፣ ያያል። አፍም አለው፣ ያውም ጨዋ አፍ፤ የቤቱን ሰው በስሙ እየጠራ «እንደምን አደሩ» ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ እንዲገባ ያስታውሳል። ክፋቱ እንግዳ ሲያይ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውንም አራስ ልትጠይቅ የመጣችውንም ከእግር እስከ ራስ እየተከተለ ያፈጥጥባቸዋል። ስለዚህ ፎጣ። ፎጣው ሲጣልበት «አይታየኝም፤ እባክዎ ጨርቁን ያንሱልኝ» ይልና፣ የሚያነሳለት ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። የከተማውን ሰዎች ይህን ወግ ማንም አላስተማራቸውም፤ ነውር ነው ብለው ራሳቸው የጀመሩት ነው። እንግዳ ላይ ጠመንጃ ይደገናል እንዴ!

ዘቡን ለየቤቱ ያደለው መከታ ነው። መከታ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው የጠመንጃ ፋብሪካ ነው፤ ማታ ማታ የሠራውን ሲሞክር ተኩሱ ይሰማል፣ የከተማው ሕፃናትም እሱን ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ለመሆኑ መከታ ያልሰጠው ምን አለ? የቧንቧው ውኃ የእሱ ነው፤ ጠዋት ሲከፈት ከውኃው በፊት «መከታ ከጎንዎ ነው» የሚል ድምፅ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ የእሱ ነው፤ የልጆቹ ደብተር ሽፋን ላይ ፈገግ ያለች ጥይት ተስላለች። የእድሩ ድንኳን፣ አውቶቡሱ፣ የገበያው ጣሪያ፣ ሁሉም የእሱ። በ2071 ዓ.ም. በዋርካ በር የተወለደ ሕፃን ከክትባቱ ጋር ጥይት የማይበሳው ትንሽ ሰደርያ ይሰጠዋል። እናቶቹ ለብርድ አንደኛ ነው ይላሉ።

እትዬ ሶልያና የምትኖረው እዚህ ከተማ ነው። አንዱን ጥርሱን ያመዋል፣ ሌላውን ወገቡን፤ ሶልያናን የሚያማት ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለውን ተረት የእናቷ ኑዛዜ አድርጋ ነው የያዘችው። የቀድሞው መራቂ ጋሽ ዮናታን ካረፉ ወዲህ የከተማው መራቂ እሷ ናት። መጀመሪያ «ሴት ትመርቃለች ወይ?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ በኋላ እሷ የመረቀችው ጋብቻ ሁሉ ሲሰምር፣ የመረቀችው ተማሪ ሁሉ ሲያልፍ፣ ምርቃቷ ይደርሳል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም እየመጡ ይወስዷታል።

ያን ቀን ጠዋት በር ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች። ፎጣዋን ከምስማሩ አንስታ ዘቡ ላይ ጣለችው።

«አይታየኝም፤ እባክዎ ጨርቁን ያንሱልኝ» አለ ዘቡ።

«እትዬ፣ እኔን እኮ ያውቀኛል። የኩባንያው ሰው ነኝ» አለ ደባልቄ እየሳቀ።

«ቢያውቅህስ? እንግዳ እንግዳ ነው። ግባ፣ እግርህን ጥረግ።»

ደባልቄ የመከታ የስጦታ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በሶልያና ልጅነት እንዲህ ያለ ስም የአያት ስም ነበር። አሁን ፋሽኑ ተገልብጦ ወጣቱ ሁሉ ደባልቄ፣ ዘርጋው፣ ጥላዬ ሆኗል፤ ሶልያናና ቃለአብ ደግሞ የሽማግሌ ስም ሆነው ቀርተዋል። የሚገርማት ነገር ብዙ ነው፤ ይኼም አንዱ ነው።

ቆሎና ሻይ አቀረበችለት። ከውስጠኛው ክፍል የባሏ የጋሽ ቃለአብ ሳል ይሰማል። ቃለአብ በመከታ የማለስለሻ ክፍል ጠመንጃ ሲያለሰልስ አርጅቶ ነው ጡረታ የወጣው፤ የብረቱ ብናኝ ሳንባውን ያዘው። በሳምንት ሁለቴ በመከታ አውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ በመሣሪያ ይተነፍሳል፣ ሲመለስ ግን መንገዱ ራሱ የተነፈሰውን ጨርሶበት ይገባል። ከአልጋ እስከ በር ሲሄድ ሁለቴ ያርፋል። ሐኪሙ ክረምቱን በዚህ መመላለስ እንደማይዘልቀው ለሶልያና በግልጽ ነግሯታል።

«ለምሥራች ነው የመጣሁት» አለ ደባልቄ። «የትንፋሽ ማዕከሉ አለቀ! እዚሁ፣ ከገበያው ጀርባ። ጋሽ ቃለአብ ከእንግዲህ አውቶቡስ አያስፈልጋቸውም። እሑድ ይመረቃል፤ የተከበሩ አቶ ባሮክ ራሳቸው ይመጣሉ። መራቂዋ እርስዎ ነዎት።»

ሶልያና እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ግን ያ የቆየ ሕመሟ ተነሳባት።

«ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ጠመንጃ ሠሪ ትንፋሽ የሚሰጠን ለምንድን ነው?»

«ማኅበራዊ ኃላፊነት ነዋ።»

«እሺ። ባሮክስ ለምን ከስጦታው ጋር ይመጣሉ? ስጦታው የመከታ ነው ወይስ የእሳቸው?»

ደባልቄ ቆሎውን ዘገነ። አቶ ባሮክ የአካባቢው የምክር ቤት እንደራሴ ናቸው። መከታ ለባሮክ ቅስቀሳ እንደሚከፍል፣ ባሮክም ለመከታ የሚመች አዋጅ እንደሚያወጡ የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ላይ በሬዲዮ ይከራከሩበታል፤ አንዱ ወዳጅነት ነው ይላል፣ አንዱ ጉቦ ነው ይላል፣ ከዚያ ዘፈን ይገባል።

«ሦስተኛ ልጠይቅህ» አለች ሶልያና። «ድሮ ፊርማ ነበር የምትፈልጉት። በኋላ ጭብጨባ። አሁን ምርቃት ካልሆነ ትላላችሁ። ምርቃት ለጠመንጃ ፋብሪካ ምን ይሠራለታል?»

ጥያቄው እንዲሁ የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን ምርጫ የሚባለው ሰልፍ ቀርቶ ነበር። ሕዝብ ፈቃዱን የሚሰጠው በአዳራሽ፣ በአፉ ነው። ጣሪያው ላይ የተተከሉት ጆሮዎች ማን ምን እንዳለ ይሰማሉ፣ ቆጥረውም ውጤቱን ግድግዳው ላይ ያወጡታል። የሹምና የኩባንያ ሠራተኛ ድምፅ አይቆጠርም፤ ዝም ያለም አይቆጠርም። አንድም ሰው ካልተናገረ ነገሩ ይቀራል። የዋርካ በር ሰው ይህን ሲያውቅ ጊዜ መላ ዘየደ፤ ሹም መጥቶ «ትስማማላችሁ?» ሲል ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ ጭጭ! አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ «እስማማለሁ» አለ። በእሱ አንድ አፍ የመንገዱ ኬላ ጸደቀ፣ ሰውየውም ለቅሶ የሚደርስለት አጥቶ አገር ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚሞክራት አልተገኘም። እንዲህ በዝምታ ብቻ ስንቱን አዋጅ መለሱት!

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አንድ እንግዳ ነገር መጣ። ትምህርት ቤቱ በተመረቀ ማግስት የገበያው በር ላይ ዘብ ተተከለ። አውቶቡሱ በተመረቀ ማግስት የግጦሹ መንገድ ታጠረ። ሬዲዮኑ በየጊዜው «በዋርካ በር ሕዝብ ሙሉ ይሁንታ» ይላል። ሶልያና «ማን ነው ይሁን ያለው? መቼ?» ብላ ያልጠየቀችው ጎረቤት የለም። ሁሉም «እኔ አልተነፈስኩም» ይላል፣ ደግሞም እውነቱን ነው።

ደባልቄ ሻዩን አስቀመጠ። «ሚስጥር እኮ አይደለም፣ እትዬ። የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው። በስጦታ ቀን መጀመሪያ አጀንዳ ይነበባል፤ ሰዉ ሰላም ሲባባል አይሰማውም እንጂ ይነበባል። ከዚያ ምርቃት ይደረጋል። በምርቃቱ ላይ የተባለው አሜን ሁሉ ለአጀንዳው እንደ ይሁንታ ይያዛል። አቶ ባሮክ ያወጡት አዋጅ ነው።»

ሶልያና አፏን በእጇ ያዘች። የተሰማት ንዴት ብቻ አልነበረም፤ የጠፋባትን መርፌ እንዳገኘች ሴት ልቧ ዘለለ። «ለካ! አሜን!»

«ለጥያቄ ዝም ማለት ይቻላል» አለ ደባልቄ አንገቱን ደፍቶ። «ምርቃት ላይ ዝም የሚል ሰው ግን የለም። ይህን ያሰበው ሰው ዕድገት አግኝቷል።»

«አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! እኔ ስጦታ አድራሽ ነኝ። እትዬ፣ እኔ ራሴ በመከታ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ትምህርቱ እውነት ነበር። ትንፋሹም እውነት ነው፤ መሣሪያውን አይቼዋለሁ።»

«የእሑዱ አጀንዳ ምንድን ነው?»

ደባልቄ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመለከተ። ከውስጥ ሳሉ ተሰማ፣ ከዚያ የትንፋሹ ፉጨት።

«የሰንበሌጥ መሻገሪያ ጥበቃ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዘብ ይተከላል። ከማዶ የሚመጣ ሰው አይሻገርም።»

ሰንበሌጥ ከከተማው በታች የሚያልፈው ወንዝ ነው። ማዶ ያሉት ከዋርካ በር ጋር ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ በየሐሙሱ አንድ ገበያ እየዋሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አቶ ባሮክ ወንበራቸውን ያገኙት «ማዶዎች ውኃችሁን ጨረሱት» እያሉ ነው። የሶልያናና የቃለአብ አንድ ልጅ ወለላ ማዶ ነው ያገባችው። ሐሙስ ሐሙስ ቀሚሷን ሰብስባ ትሻገርና ለአባቷ ማር ይዛ ትመጣለች፤ ማሩን በጣቷ እያቀመሰች የሰፈሩን ወሬ ስትነግረው ቃለአብ ያን ቀን ብቻ ሳል የሚረሳ ይመስላል።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። «አልመርቅም ብልስ?»

«ማዕከሉ አይከፈትም። ያልተመረቀ ስጦታ እንዳልተሰጠ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። መሣሪያውን ነቅለው ሌላ ከተማ ይወስዱታል።»

«መርቄ ሰዉ አሜን ባይልስ?»

ደባልቄ ሳቀ። «አሜን የሌለው ምርቃት አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ የምጠይቅህ ደንቡን ነው።»

ወጣቱ አሰበ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም የማወቅ ጉጉት ያዘው። «በደንቡ... ከተመረቀ ይከፈታል። አሜን ካልተሰማ አጀንዳው ይወድቃል። ማዕከሉ ግን ይከፈታል። ገርሞኛል፤ ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘብህ» አለች ሶልያና።

እስከ እሑድ ከቤት ቤት ዞረች። ሰዉን ምርቃት ላይ ዝም በሉ ማለት ግን እንዴት ያለ ነገር ነው! የተመረቀ ሰው አሜን ካላለ ምርቃቱን ገፋ ማለት ነው፤ የተገፋ ምርቃት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ጎረቤቷ እማማ ኤልዳና ሰምተው ደረታቸውን መቱ፤ «ልጆቼ ላይ ጣጣ ልታመጪ ነው?» ሶልያና ሁለት ቀን ሙሉ አስባበት መልሱን አገኘች። «በልባችሁ በሉት፣ እማማ። እግዜር የልብ ይሰማል። አዳራሹ የሚሰማው የአፍ ብቻ ነው።» ይህ አባባል ከእሷ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ሐጂ ኢምራን መስጊድ በር ላይ ቆመው ደገሙት፤ የእድሩ ሴቶች ድንች እየላጡ ተባባሉት።

በመጨረሻ የነገረችው ለቃለአብ ነው። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ዘርዝራ አስረዳችው።

«ገባኝ» አለ እያረፈ። «ዝም... ማለት ነው። እኔ እንኳን... ለመናገር... ትንፋሽ የት አለኝ ብለሽ!»

«ቃልዬ፣ ቀልድ አይደለም። ወለላ ናት።»

«አውቃለሁ። አፌን... እይዛለሁ።»

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። አቶ ባሮክ መልከ መልካም፣ ትሑት፣ ሰው የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። በሽማግሌ ሁሉ ፊት ጎንበስ ይላሉ፣ የሰው ልጅ ስም አይረሱም፣ ቃለአብን ትከሻውን ስመው «አባቴ፣ ከእንግዲህ እንደ ወጣት ይተነፍሳሉ» አሉት። ቃለአብ አየር እንዲያገኝ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሲስሙት ደስ አለው። ከዚያ አጀንዳው ተነበበ። ይህን ጊዜ ግን ሰላም የሚባባል አልነበረም። ሁሉም ጆሮውን ጥሎ ሰማ፣ «የሰንበሌጥ መሻገሪያ ጥበቃ» ሲባልም ዓይኖች ሁሉ ወደ ሶልያና ሄዱ።

ወደ መድረኩ ተጠራች። መራቂ እንደ ወጉ መድረክ ላይ ቆሞ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚመርቀው። ሶልያና ማይክራፎኑን አየችው፣ አለፈችው፣ ደረጃውን ወረደች። ከፊተኛው ረድፍ ጀምራ በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ እጇን እየጫነች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ ያለ ድምፅ «እንትፍ፣ እንትፍ» እያለች ሄደች። ሰዉ ጎንበስ ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቀና ይላል። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ «የተሰማ ድምፅ፦ የለም» የሚል ጽሑፍ በርቷል።

ደባልቄ በላብ ተጠምቆ ጎኗ መጣ። «እትዬ፣ ድምፅዎ አልተሰማም።»

«የሚሰማኝ ሰምቶኛል። ራስህን ዝቅ አድርግ፣ አንተንም ልመርቅህ።»

ለአቶ ባሮክም አልነፈገቻቸውም። እጇን ስትጭንባቸው «አሜን!» አሉ ጮክ ብለው፣ ምናልባት ሌላው ይከተለኛል ብለው። የሹም ድምፅ አይቆጠርምና ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ደበቀ።

ረድፉ እያለቀ መጣ። እማማ ኤልዳና ከንፈራቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ተመረቁ። ሐጂ ኢምራን በነጭ ጢማቸው ፈገግ አሉ። የሶልያና ልብ ይዘፍን ጀመር፤ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? ቀርቶ የነበረው በሩ አጠገብ የተቀመጠው ቃለአብ ብቻ ነው።

እጇን ራሱ ላይ አደረገች። ፀጉሩ በላብ ርሷል። ያን ጊዜ መዳፏ ስር ፉጨቱ ተሰማት፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ በየትንፋሹ መጨረሻ ላይ የምትቆራረጥ። ሌሊት ሌሊት ነቅታ የምታዳምጣት ፉጨት ናት፤ ስታቆም የምትሞተው እሷ የሚመስላት። ያን ሁሉ ሰው በልቧ መርቃ፣ ለዚህ ሰው ግን ልቧ አልበቃ አላት። አፏ ሳታዝዘው ተከፈተ።

«ትንፋሽህን ይመልስልህ፣ ቃልዬ» አለች።

ቃለአብ ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ መረቀችው። ሌላ ምን ይላል ሰው?

«አሜን» አለ።

ትንሽ አሜን ናት። ከኋላ የተቀመጡት አልሰሟትም። ጣሪያው ግን ሰማ። ግድግዳው ላይ ጽሑፉ ተለወጠ፦ «የተሰማ ድምፅ፦ አንድ። ይሁንታ፦ አንድ። ተቃውሞ፦ የለም። የሰንበሌጥ መሻገሪያ ጥበቃ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ሙዚቃ ተለቀቀ። አቶ ባሮክ መጥተው የቃለአብን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ደባልቄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቃለአብ ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ አፉን በመዳፉ ከደነ፣ ከነገሩ በኋላ።

ቤት ገቡ።

«አፌን በቆረጠው» አለ ቃለአብ።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ አንተ ምን አደረግህ?» ብላ አለቀሰች ሶልያና፣ ድምፅ አውጥታ። ዘቡ ከበሩ ላይ «ደህና ነዎት፣ እትዬ ሶልያና?» ብሎ ጠየቀ። ፎጣውን ወርውራ ሸፈነችው፤ እንግዳ ግን አልነበረም። ማንም ሰው አልወቀሳቸውም። ማንም ሰው ደግሞ ቤታቸው አልመጣም።

ሰኞ ማዕከሉ ተከፈተ። ሶልያና ባሏን ይዛ ሄደች። ጭምብሉን አደረጉለት፣ አየሩ ከመምጣቱ በፊት «መከታ ከጎንዎ ነው» የሚል ድምፅ ጆሮው ስር ተሰማ፣ ከዚያ አየሩ መጣ። ቃለአብ ዓይኑን አፈጠጠ። ደረቱ ሲነሳ፣ ሲወርድ፣ እንደገና ሲነሳ እያየች ሶልያና ደስ አላት፣ ደስ በማለቷም ተናደደች። ማክሰኞና ረቡዕም ሄዱ። ረቡዕ ሲመለሱ ዳገቱን ሳያርፍ ወጣው።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጥሩ ነው» አለ። ጥቂት አሰበና «ያናድዳል እንጂ ጥሩ ነው» አለ።

በዚያው ረቡዕ መሻገሪያው ላይ ሁለቱ ዘቦች ተተከሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሶልያና ስትነሳ ቃለአብ ለብሶ ጨርሷል። ያደረገው ጡረታ ሲወጣ መከታ የሸለመውን ካፖርት ነው፤ ጀርባው ላይ የኩባንያው ምልክት አለበት። የት ልትሄድ ነው አላለችውም። ፎጣዋን ከምስማሩ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ተያይዘው ወረዱ።

ወንዙ ዳር ሰው ቆሟል። በዚህ በኩል የዋርካ በር ሰዎች፣ በዚያ በኩል የማዶ ሰዎች ጤፋቸውንና ዶሮአቸውን ይዘው፣ በመካከል ሰንበሌጥ እንደ ወትሮው ከጉልበት በታች ሆኖ ይፈሳል። ዘቦቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። የቤቱ ዘብ ታላላቅ ወንድሞች ናቸው፤ አንገታቸው ረዝሟል፣ አፋቸውም ሰፍቷል። ወለላ ማዶ ከሰዉ ፊት ነበረች፣ የማር ዕቃዋን በክንዷ ታቅፋ። እናቷን ስታይ እጇን አነሳች። ሁለቱም አንገቶች ወደ እጇ ዞሩ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «ሁለት እርምጃ ከገባሽ እተኩሳለሁ ይላል!»

ሶልያና ፈርታ ነበር። ግን ከፍርሃቷ በታች ያ የልጅነት ሕመሟ ጫር ጫር ያደርጋት ጀመር። ይኼኛውስ? ይኼም ከዚያው ፋብሪካ፣ ከዚያው እናት የወጣ አይደል? ፎጣ ያውቅ ይሆን? ማንም ሳይዛት ወደ ግራው ዘብ ሄደች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶልያና» አለ ዘቡ በትልቁ አፉ።

«እግዜር ይመስገን። እንግዳ መጥቶብኛል» አለችና ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለችው።

የሁለቱም ዳር ሰው ትንፋሹን ያዘ። ከፎጣው ሥር አንገቱ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ።

«አይታየኝም፤ እባክዎ ጨርቁን ያንሱልኝ» አለ።

ሶልያና ሳቀች፤ ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። የቀኙ ዘብ መንገዱን በሙሉ ለራሱ ወስዶ ወለላ ላይ አፍጥጧል፣ ሶልያና ደግሞ የያዘችው አንድ ፎጣ ብቻ ነበር። ነጠላዋን ለመፍታት እጇን ስትሰድ ቃለአብ በአጠገቧ አለፈ። ሳያርፍ፣ ሳይደገፍ፣ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ወረደ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ቃለአብ» አለ የቀኙ ዘብ።

ቃለአብ አልመለሰለትም። ካፖርቱን አወለቀ፣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ዘቡን ከነአንገቱ አለበሰው፣ ቁልፉንም ከላይ ቆለፈለት። ከዚያ በሸሚዙ ብቻ ወደ ወንዙ ዞረ፣ ደረቱን ሞላ፣ ደግሞ ሞላ።

«ወለላ፣ ነይ!» ብሎ ተጣራ። «ተሸፍኗል!»

ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ደረሰ። ወለላ የማር ዕቃዋን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች።